ማኅደራችን የት ነው ብለን እንጠይቅ

ከጉዛራ ሥር እስከ ጣና ዳር ያላችሁ እንፍራንዞች! እስቲ ስለ እኛ የተጻፈውን ወረቀት አስቡት። ቀበሌው የነዋሪነት ቅጻችንን ከነጉርድ ፎቶው ይዟል። መሬት አስተዳደር የይዞታ መዝገቡን፣ ጤና መድኑ የአባላቱን ዝርዝር ይዟል። ጤና ኬላው የየቤታችን የቤተሰብ ማኅደር አለው፤ ማን እንዳረገዘች፣ ማን የወሊድ መከላከያ እንደምትወስድ እዚያ ተጽፏል። አሁን ደግሞ ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ የአሥር ጣታችንን አሻራና የሁለት ዓይናችንን ብሌን ጨምሯል።

መመዝገቡን አልቃወምም። ያልተመዘገበ ሰው ማዳበሪያውም ብድሩም እንዳማረው ይቀራል። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ማኅደሩን ማን ያየዋል? ካቢኔቱ ቁልፍ አለው? ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው? እነዚህን ሳንጠይቅ ከቆየን መልሱን የምንሰማው ጎረቤት ሕመማችንን ሲነግረን ነው፤ ወይም የቆሎ መጠቅለያ ስንፈታ የሰው ፎቶና ስልክ ቁጥር ስናገኝ። (ቆሎ ሻጯ ምን ታድርግ፣ ወረቀቱን በኪሎ ነው የገዛችው።)

ፋይዳ ብሔር አለመጠየቁ ትልቅ ነገር ነው። የቀበሌ መታወቂያ ግን ለዓመታት ብሔራችንን ጽፎ አስይዞናል። በ1986 ዓ.ም. በዘር ጭፍጨፋው ወቅት ሩዋንዳ ውስጥ ኬላ ላይ የሚሞተውና የሚያልፈው የሚለየው መታወቂያው ላይ በሰፈረች አንዲት ቃል ነበር። የመዝገብ ነገር እንዲህ ድረስ ይሄዳል።

ሕግ አጥተን አይደለም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወታችንን አስከብሯል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ባለቤቱ ስለ እሱ የተያዘውን እንዲያይ፣ የተሳሳተውን እንዲያስተካክል መብት ሰጥቶታል፤ የጤናና የሃይማኖት መረጃ የተለየ ጥንቃቄ እንዲደረግለት አዟል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሆኖም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የእንፍራንዝን ካቢኔት ሊቆልፍ የሚመጣ የለም።

ስለዚህ የእድር ዳኞች፣ የማኅበር ሙሴዎች፣ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን፣ ማኅደራችንን ወደያዙት ቢሮዎች አብረን እንሂድ። ብቻውን የጠየቀ ነገረኛ ይባላል፤ እድር ሲጠይቅ ግን ወንበር ይሳባል። ማኅደር ይቆለፍ፣ ያየውም ሰው ስሙን ይፈርም እንበል። ስልክ ቁጥርና ሕመም የያዘ የስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ አይለጠፍ። ያረጀ ቅጽ በኮሚቴ ፊት ይቃጠል እንጂ ለመጠቅለያ አይሸጥ። ሠራተኞቹን ግን ጠላት አናድርጋቸው፤ መቆለፊያ የለንም ካሉ እናዋጣ። ለድንኳን ያዋጣን ሰዎች ለአንድ ጓጉንቸር አንሰንፍም።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ። ጥያቄያችንን ለቢሮዎቹ የሚያቀርብ ደብዳቤ ሲጻፍ ፈርሙ፣ መፈረም የማይችል አሻራውን ያኑር። መልሱንም በቃል ሳይሆን ማኅተም ባለው ወረቀት ተቀበሉ።