«እንከን ላወጣላቸው አልቻልሁም»

እንደ ልማዳችን ዛሬም በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ጥቂት እንቆያለን። ቃሏ «ፎልት» ናት። የመረጥናትም ራሳችን ስለ ተሰናከልንባት ነው።

ባለፈው በዓል ሰሞን አንድ እንግሊዛዊ እንግዳ በእንግዳ መቀበያው መዝገብ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ሄደ። ከእኛ ወገን ለትርጕም የተጠራው ሰው በጥድፊያ ሲያነብ «አልቻልሁም» እና «ጥፋት» የሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ ታዩት። እንግዳው መስተንግዶውን ሊታገሡት እንዳልቻሉ፣ ጥፋትም እንዳገኙበት አድርጎ ተናገረ። ወሬው ከአንዱ ወደ አንዱ አለፈ። ሌሊቱን ሙሉ ለእንግዶች ውኃ ሲያቀርቡና ምንጣፍ ሲያነጥፉ ያደሩት እማሆይ ነገሩን ከሰው አፍ ሰሙ፤ ሦስት ቀንም ወደ መቀበያው ሳይመጡ ቀሩ። መዝገቡን እንደ ገና ስናነበው ግን የእንግዳው ቃል «ለእነዚህ ሰዎች እንከን ላወጣላቸው አልቻልሁም» የሚል ሆኖ ተገኘ። ምስጋናውን እኛ ነቀፋ አደረግነው።

«ፎልት» ስም ሲሆን ጉድለት፣ እንከን፣ ጥፋት ማለት ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ሥሩ ማታለልንና ከተጠበቀው መጕደልን የሚያመለክት የላቲን ግሥ ነው። የምድር አጥኚዎችም በአጠገባችን በዮርዳኖስ ሸለቆና በሙት ባሕር በኩል የሚያልፈውን የምድር ስብራት በዚሁ ስም ይጠሩታል። የእኛም ቋንቋ ከዚህ አይርቅም፤ «ነቅ» ስንል የገንቦን ስንጥቅም የሥራን ጉድለትም ማለታችን ነው።

ቃሏ ግሥ ስትሆን በሰው ወይም በሥራው ላይ እንከን ማውጣትን ታመለክታለች። እንግሊዛውያን ብዙውን ጊዜ ከአፍራሽ ቃል ጋር ይናገሯታል፤ «እንከን ላወጣለት አልችልም» ማለታቸው ከፍ ያለ ምስጋና ነው። ስለዚህ አፍራሹን የዘለለ ተርጓሚ ምስጋናውን ይገለብጠዋል።

ጎረቤቶቿንም መለየት ይገባል። «ብሌም» ጥፋቱን በማን ላይ እናድርግ ይላል፤ ውኃው ቢፈስ «ማን አፈሰሰው?» ብሎ ይጠይቃል። «ክሪቲሳይዝ» ከግሪክኛው የመፍረድ ቃል የመጣ ነው፤ ነቀፋን አውጥቶ መናገር ነው፤ የጽሑፍን ብርታትና ድካም ለመመርመርም ያገለግላል። «ፎልት» ግን ገንቦውን ራሱን ታያለች፤ «ነቁ የት ላይ ነው?» ትላለች።

አማርኛችንም በዚህ ድኻ አይደለም። ወዳጅ ወዳጁን ፊት ለፊት ይወቅሳል፤ አባት ልጁን ይገሥጻል፤ ባላንጣ ይነቅፋል፤ ሰው በሌለበት የሚያወራ ግን ያማል። ስለ ሞተ ሰው ጉድለት ስናነሣ እንኳ «ሙት ወቃሽ አያድርገን» ብለን የምንጀምረው፣ ወቀሳ ሰሚና መላሽ ያለው ነገር ስለ ሆነ ነው።

መዝገቡን ይዘን ወደ እማሆይ ሄድን፤ አንብበንም ይቅርታ ጠየቅናቸው። ምስጋናውን ሰምተው ደስ አላቸው። ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጆቼ፣ ነቅ ቢኖርብኝስ ለማን ነበር የሚነገረው? ገንቦውን የያዝሁት እኔ ነኝ» አሉን።

ያን ጊዜ ስሕተታችን ሁለት መሆኑን አወቅን። አንደኛው የትርጕም ነበረ፤ እርሱን መዝገበ ቃላት ያርመዋል። ሁለተኛው ግን ትርጕሙ ትክክል ቢሆን ኖሮም የማይቀር ነበረ፤ እንከን አለ የተባለውን ነገር ለሁሉ ስንናገር ለባለቤቷ አልነገርናትም። ያደረግነው በእንግሊዝኛው «ፎልት» አይባልም። በአማርኛ ስሙ ሐሜት ነው።

ከእንግዲህ የእንግዶችን መዝገብ ሁለት ሆነን እናነባለን። ነቀፋ ቢገኝበትም አስቀድመን የምናንኳኳው የባለቤቱን በር ይሆናል።