«ነገር ግን» የተቆረጠበት ስብከት

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም፤ ከራሳችን ጀምረን ለመናዘዝ ነው። የምናገለግለው በቤተ ክርስቲያን የሚዲያ ክፍል ውስጥ ነው። እሁድ የተሰበከውን የ50 ደቂቃ ስብከት ሰኞ ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን፣ «ይቺ ትነካለች» ያልናትን 40 ሰከንድ ቆርጠን፣ ከሥር ጽሑፍ፣ ከኋላ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ጨምረን በቲክቶክና በዩቲዩብ ሾርትስ የምንለቀው እኛ ነን።

አንድ ጊዜ ስለ ፈውስ የተሰበከ ስብከት ቆረጥን። ሰባኪው እግዚአብሔር ዛሬም እንደሚፈውስ በኃይል ተናገረ፤ ጉባኤው «አሜን!» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገር ግን ሐኪም ሳታማክሩ መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ» አለ። እኛ እስከ አሜኑ ያለውን ወሰድን። ምክሩን «ቪዲዮውን ያቀዘቅዘዋል» ብለን ጣልነው። ቪዲዮው እስከዚያን ቀን ከለቀቅናቸው ሁሉ በላይ ታየ፤ እኛም ጌታን አመሰገንን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው ወደ ቢሯችን መጡ። ያንን ቪዲዮ አይተው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አቁመው ነበር፤ ወድቀው ሆስፒታል ተኝተው ነው የወጡት። «ልጆቼ፣ ፓስተሩ እኮ እንዲህ ብለዋል» አሉን። ሙሉውን ስብከት ከፍተን አሳየናቸው። እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰሙና፣ «ታዲያ ይሄን ለምን ደበቃችሁኝ?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ገብቶናል፤ እውነተኛ ቃል ብቻ ይዞ ሐሰት መናገር ይቻላል። ምንም መጨመር አያስፈልግም፤ መቀስ ይበቃል።

በዚህ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በማቴዎስ 4 ላይ ፈታኙ ጌታን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ መዝሙር 91ን ጠቀሰለት። ከራሱ የፈጠረው ቃል አልነበረም። ሆኖም በቁጥር 11 ላይ በመንገድ ሁሉ ስለ መጠበቅ የሚናገረውን ሐረግ ዘለለ፤ ቁጥር 12 ላይ ደግሞ አቆመ። ቁጥር 13ን ቢቀጥል ኖሮ እባብና ዘንዶ እንደሚረገጡ ያነብ ነበር! ጌታም ቅንጫቢውን የመለሰው በሌላ የተጻፈ ቃል ነው፤ ቁራጩን በሙሉው መዘነው።

እኛስ? መቀሱ በእጃችን የገባው ስልክ ከመምጣቱ በፊት ነው። ኤርምያስ 29፥11ን በግድግዳችን፣ በቀን መቁጠሪያችን፣ በታክሲ መስታወት ላይ ለጥፈናል። ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 የ70 ዓመት ምርኮ የሚናገር መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ፊልጵስዩስ 4፥13ን ለፈተናና ለንግድ እንጠቅሳለን፤ ጳውሎስ ግን የጻፈው በእስራት ሆኖ፣ መጥገብንም መራብንም ስለ መልመድ ሲናገር ነው። ጥቅሱን ከቦታው መንቀል የለመደ እጅ ስብከቱንም ለመቁረጥ አይፈራም።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ አደጋው ይብሳል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ፍርዱን የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሰባኪው «ክርስቲያን አይታመምም የሚለው ትምህርት ስህተት ነው» ቢል፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት በኋላ የቆረጠ ሰው ሰባኪውን የሚቃወመውን ትምህርት አስተማሪ ያደርገዋል። ድምፁ የእርሱ ነው፣ ፊቱም የእርሱ ነው፤ መልእክቱ ግን የእርሱ አይደለም።

«ወጣቱ ረጅም ነገር አይሰማም» የሚሉን አሉ። አጭር መናገር ኃጢአት ነው አላልንም። በማቴዎስ 13፥44 ያለው የተሰወረው መዝገብ ምሳሌ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ግን ሙሉ ነው። አጭርና ጎዶሎ አንድ አይደሉም።

«ጌታም እኮ ኢሳይያስ 61ን ሲያነብ መካከል ላይ አቁሟል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ በሉቃስ 4 ላይ ስለ በቀል ቀን የሚናገረው ሐረግ ላይ ሳይደርስ መጽሐፉን አጠፈ። ነገር ግን ቁጭ ብሎ ገለጠው፤ ያነበበውም ክፍል በዚያ ቀን መፈጸሙን ነገራቸው። ደግሞም በቁጥር 22 ሁሉም በንግግሩ ሲደነቁ አላበቃም፤ ተቆጥተው ከገደል ሊጥሉት እስኪነሡ ድረስ እውነቱን ቀጠለ። እኛ ብንሆን ኖሮ ቪዲዮውን ቁጥር 22 ላይ እንቆርጠው ነበር።

«ቦታው አይበቃም» የሚለውም ሰበብ አብቅቶለታል። የ60 ሰከንድ ገደብ የነበረው ሾርትስ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ እስከ 3 ደቂቃ ይፈቅዳል። በ15 ሰከንድ የተጀመረው ቲክቶክም ከዚያ እጅግ አልፏል። «ነገር ግን» ለማለት አምስት ሰከንድ ይበቃል። ያጠረው ጊዜው አይደለም፤ የእይታ ቁጥር የያዘው ልባችን ነው።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በ2ኛው መልእክት 2፥15 ስለ እውነት ቃል አያያዝ ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ሥሩ «ቀጥ አድርጎ መቁረጥ» ማለት ነው። እንግዲህ መቁረጥ አልተከለከለም፤ ማጣመም ነው የተከለከለው። ስለዚህ እኛ እንዲህ ወስነናል። ሰባኪው ያስቀመጠውን ማስጠንቀቂያ አንጥልም። ቁራጩን ሳንለቅ ለሰባኪው እናሳያለን። ከሥሩ ሙሉው ስብከት የሚገኝበትን ሊንክና ደቂቃውን እናስቀምጣለን። ከሌላ ቀን የተወሰደ «አሜን» አንለጥፍም። ሲጸለይለት የወደቀውን ወይም ያለቀሰውን ሰው ፊት ያለ ፈቃዱ አናሳይም፤ ሰኞ ሥራ ቦታው የሚገባው በዚያ ፊት ነውና። ተመልካች ቢቀንስ ይቀንስ።

እናንተም የምታዩ ወገኖች፣ ጌታንም ገና የምትፈልጉ ወዳጆቻችን፣ ማንንም ሰባኪ በ40 ሰከንድ አትውደዱ፤ በ40 ሰከንድም አትጥሉ። ያ ቪዲዮ ሲነካችሁ «ከዚህ በፊት ምን አለ? ከዚህ በኋላስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሙሉውን ስሙ፤ ከሁሉ በላይ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ከፍታችሁ ምዕራፉን አንብቡ። ዕዝራ የሕጉን መጽሐፍ ከማለዳ እስከ ቀትር ሲያነብ ሕዝቡ ጆሮውን ሰጥቶ ነበር፤ ሌዋውያንም ሕዝቡ እስኪያስተውል ድረስ ይተረጉሙ ነበር (ነህምያ 8)። በዚያ ጉባኤ ልቅሶም ደስታም የመጣው ቃሉን ሙሉ ሰምተው ስላስተዋሉት ነው።

እኚያ እናት ይቅር ብለውናል። ጌታም ይቅር እንዲለን እንለምናለን፤ መቀስ ለያዘ ሁሉ ማስተዋልን ይስጥ።