ዳዊትን ጋሻ አታድርጉት

ወንድሞቼ፣ አብረን ያረጀን፣ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቅን፣ ስንቱን ደም ያደረቅን ሽማግሎች፤ ዛሬ የምናገረው ለልጆቻችን አይደለም። እነሱን ስንመክር ኖረናል። ይህኛው ለእኛው ነው። እኔ 74 ዓመት ሆኖኛል፤ ከመካከላችሁ የሚበልጠኝም አለ። የቀረን ጊዜ አጭር ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ጉልበት ያለው ሰው ደካማውን በድሎ እኛ ፊት ሲቀርብ፣ ከመካከላችን አንዱ ሳይላት የማያልፋት አንዲት ቃል አለች። «ዳዊትስ ቢሆን?» እንላለን። እግዚአብሔር የወደደው ንጉሥ፣ ነቢዩ፣ መዝሙረኛው እንኳ ወድቆ የለም ወይ? ታዲያ የዚህ ሰው ውድቀት ምን ይደንቃል? ይህች ቃል ከተነገረች በኋላ የሁሉም ፊት ይፈታል። በዳዩ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ተበዳዩ ደግሞ በዳዊት ላይ የተነሣ ያህል ያፍራል። እኔም ብያታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ዛሬ ግን በዚህች ቃል እንደምንጠየቅ ገብቶኛል፤ እናንተም ሳይመሽ እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ።

ታሪኩን በቃላችን የምናውቀው ይመስለናል። የምናውቀው ግማሹን ነው። ሰገነቱን እናውቃለን፤ ቤርሳቤህን እናውቃለን፤ ንስሐውን እናውቃለን። የቤርሳቤህን ባል ኦርዮን ግን ማን ያነሣዋል? ኬጢያዊው ኦርዮ ስም የሌለው ጭፍራ አልነበረም። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 23 የዳዊት ኃያላን ተዘርዝረው በጠቅላላው 37 ናቸው ሲባል፣ የመጨረሻው ስም የእሱ ነው። ንጉሡ የሠራውን ለመሸፈን ረባት ከተማ ካለው የጦር ግንባር አስጠራው፤ እሱ ግን ጓዶቹ በሜዳ ሰፍረው ሳለ ቤቱ ገብቶ መተኛትን ነውር አደረገው፤ ከአገልጋዮቹ ጋር በንጉሡ ደጃፍ አደረ። በማግሥቱ ንጉሡ አሰከረው፤ ሰክሮም አልሄደም። ያን ጊዜ ዳዊት የሰውየውን ሞት በደብዳቤ ጻፈና ደብዳቤውን በራሱ በኦርዮ እጅ ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ላከው። ኦርዮ የገዛ ሞቱን ይዞ ወደ ግንባር ተመለሰ። አብረውት ሌሎችም ወደቁ፤ የእነሱ ስም አልተጻፈም።

እኛ «ዳዊትስ ቢሆን» ስንል ከዚህ ሁሉ የምንመዘው ሰገነቱን ብቻ ነው። የአንድ ምሽት ድካም፣ የዓይን ስሕተት አድርገን እናቀርበዋለን። የተጻፈው ግን በሥልጣን የተወሰደች ሴትና ተመክሮበት የተገደለ ባል ነው። ነቢዩ ናታን ሲመጣ ያነሣው ወሬ ምን ነበር? ብዙ መንጋ ስላለው ባለጸጋ፣ አንዲት ጠቦት ብቻ ስላለችው ድሃ ነው የተናገረው። ናታን ነገሩን ያየው ከድሃው ቤት ሆኖ ነው። እኛስ ከየት ሆነን ነው የምናየው?

ደግሞ ይህን አስተውሉ። ናታን ሲመጣ ልጁ ተወልዶ ነበር። ስለዚህ ቢያንስ 9 ወር አልፏል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ሰው አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም፤ ቤርሳቤህን ያመጡ መልእክተኞች ያውቃሉ፤ ኢዮአብ ደብዳቤውን አንብቧል። አንድም ሰው አልተናገረም። የቤቱ ሽማግሎች በታሪኩ ውስጥ ብቅ የሚሉት ምዕራፍ 12 ላይ ነው፤ ሕፃኑ ታምሞ ንጉሡ መሬት ላይ ወድቆ ሲጾም፣ ሊያነሡት አጠገቡ ቆሙ ይላል። ንጉሡ ሲያዝን ደርሰዋል። ኦርዮ ሲሞት የት ነበሩ? ይህን ቦታ ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ፤ እኛን እንደሚያነሣ የታወቀኝ በስተርጅና ነው።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ ኖኅን እያነሣችሁ ነው። ሽማግሌ ገመና ይሸፍናል ትላላችሁ። ትክክል ነው፤ ይሸፍናል። ኖኅ ወይን ጠጥቶ በድንኳኑ ውስጥ ዕራቁቱን በሆነ ጊዜ ሴምና ያፌት ልብሱን በትከሻቸው ይዘው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ የኋሊት ሄደው ሸፈኑት። ለእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም፤ እኔ ራሴ በዚህ ምሳሌ ስንት ቤት ከመፍረስ አድኛለሁ። ነገር ግን የኖኅ ስካር ያዋረደው ኖኅን ነው። በዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያለቅስ ሌላ ሰው አልነበረም። ገመና ማለት ይህ ነው፤ የራስ ውርደት፣ የራስ ድካም፣ ቢገለጥ ባለቤቱን ብቻ የሚያሳፍር ነገር። የኦርዮ ነገር ገመና አይደለም። ግፍ ነው። ግፍን በገመና ልብስ የሸፈነ ሰው ከሴምና ከያፌት ጋር አይቆጠርም። የእኛ ትልቁ ጥፋት እነዚህን ሁለቱን ማደባለቃችን ነው፤ ሌላው ስሕተታችን ሁሉ የተወለደው ከዚህ ነው።

ይህን የምናገረው ከደጅ ቆሜ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ከሁለት ሽማግሎች ጋር ሆነን አንድ ነገር ያዝን። ሰውየው የተከበረ ነጋዴ ነው፤ ለደብሩ ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበሰ፣ ለድሆች የሚመጸውት። ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛው «ደፈረኝ» ብላ ለጎረቤት ተናገረች፤ አጎቷ ከአገር ቤት መጣ። እኛን የጠራን ነጋዴው ነው። ማን እንደጠራን ያን ጊዜ አላሰብኩበትም። ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ልጅቱ ጓዳ ነበረች፤ በበሩ መጋረጃ በኩል ነጠላዋ ይታየኝ ነበር። አጎቷ ለፖሊስ እናገራለሁ ሲል ቃሏን ያነሣሁት እኔ ነኝ። «ልጄ፣ ዳዊትስ ቢሆን» አልኩት። ሰውየው ማንበብ የማይችል፣ ዳዊትን ግን የሚያከብር ገበሬ ነበር፤ ዝም አለ። ለካሳ የሚሆን ገንዘብና የመኪና መሳፈሪያ ተሰጣቸው፤ ነጋዴው ጉልበታችንን ሳመ፤ እኛም መርቀን ተነሣን። ልጅቱን አንድም ጥያቄ አልጠየቅናትም። ከዓመታት በኋላ ሕሊናዬ አላስተኛኝ ሲል አፈላልጌ ሰው ብልክ፣ ወደ ዐረብ አገር ሄዳለች፣ ከዚያ ወዲህ ለቤተሰቦቿ ድምጿ አልተሰማም የሚል መልስ መጣልኝ።

በዚያን ሰሞን ነው የሁለተኛ ሳሙኤልን 13ኛ ምዕራፍ እንደ አዲስ ያነበብኩት። የዳዊት ልጅ አምኖን ታምሜአለሁ ብሎ ተኛ፤ እኅቱ ትዕማር መጥታ እንጎቻ እንድትጋግርለት ለመነ፤ ወደ እሱ ቤት የላካት ራሱ አባቷ ነው። ደፈራት፤ ከዚያም ጠላት፤ አስወጥቶ በሩን በላይዋ አስቆለፈ። እሷ በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ የድንግልና ልብሷን ቀዳ፣ እየጮኸች ሄደች። ወንድሟ አቤሴሎም ዝም በይ፣ ወንድምሽ ነው አላት። ዳዊትም ሰማ፤ እጅግም ተቆጣ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ ፈልጉ፤ አታገኙም። ምንም አላደረገም። የሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ምክንያቱን ይጨምራል፤ አምኖን በኩሩ ነበርና ስለሚወደው ሊያሳዝነው አልፈለገም ይላል።

እኔ ይህን ቁጣ አውቀዋለሁ። እኛም እንቆጣለን፤ በዳዩን አንድ ጊዜ እንገስጸዋለን፤ ከዚያ ስለ ሰላም እንናገራለን። የዳዊት ቤት ሰላም ግን ምን ሆነ? አቤሴሎም 2 ዓመት ሙሉ አድብቶ አምኖንን በበግ ሸላቾቹ ግብዣ ላይ አስገደለው። 3 ዓመት በጌሹር ተሰደደ፤ ተመልሶም 2 ዓመት የአባቱን ፊት ሳያይ ተቀመጠ። ከዚያ ሸፈተ፤ ንጉሡ ባዶ እግሩን እያለቀሰ የደብረ ዘይትን ዐቀበት ወጣ። በኤፍሬም ዱር በአንድ ቀን 20,000 ሰው አለቀ፤ አቤሴሎምም በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተገደለ። የሰላሙ ዋጋ ይኸው ነው። ትዕማርስ? ብቸኛ ሆና በወንድሟ ቤት ተቀመጠች ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነች አልተጻፈም። ናታን የድሃውን ጠቦት ስለ ወሰደው ባለጸጋ ሲነግረው፣ ዳዊት በገዛ አፉ አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ ፈርዶ ነበር። የጥንት የአይሁድ መምህራን አራቱን ሲቆጥሩ ሕፃኑን፣ አምኖንን፣ ትዕማርን፣ አቤሴሎምን ይጠራሉ።

ለኃያል ሰው ሰበብ መፈለግ በእኛ አልተጀመረም። ከእነዚሁ የአይሁድ መምህራን መካከል ዳዊት ጨርሶ አልበደለም የሚሉ ነበሩ፤ ወደ ጦርነት የሚዘምት ወታደር ለሚስቱ አስቀድሞ የፍቺ ወረቀት ይሰጥ ነበርና ቤርሳቤህ ነፃ ነበረች ብለው ተከራከሩ። የዜና መዋዕል ጸሐፊም ዳዊት በኢየሩሳሌም ተቀምጦ ኢዮአብ ረባትን መታ ይልና፣ የቤርሳቤህን ነገር ሳያነሣ ያልፋል። እኛም በየቤታችን ንግሥተ ሳባና ሰሎሞን የተሳሉበትን ሥዕል ሰቅለን ስንኮራ፣ በክብረ ነገሥት ንጉሡ አስጠምቶ፣ በመሐላ አጥምዶ፣ በውኃ እንደያዛት ተጽፎ እያለ የእሷን ፈቃድ የጠየቀ ማን አለ? እኔ አልጠየቅኩም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ግን እንደ እኛ አይሸፍኑም። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 15 ዳዊትን ሲያመሰግን፣ ምስጋናው ላይ የኦርዮን ነገር ለይቶ ያስቀራል። ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር፣ የሰሎሞንን እናት በስሟ አልጠራም፤ የኦርዮ ሚስት አላት። ሺህ ዓመት አልፎ፣ ወንጌል ተጀምሮ፣ ሟቹ አሁንም ባሏ ነው። የ50ኛው መዝሙር ርእስም ናታን ለምን እንደመጣ ይናገራል፤ በየዕለቱ ስንደግመው ዳዊት በደሉን በስሙ ጠርቶ ከፊታችን ይቆማል።

በወጣቶቹ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማል፤ እንዲህ ያለ ሰው የጻፈውን መዝሙር ለምን እንደግማለን የሚሉ አሉ። ከእነሱ ጋር ብዙ አልከራከርም። ሰው በደሉ እንዳለ ተጽፎበት፣ ይቅርታውም እንዳለ ተጽፎለት ማየት ከብዷቸዋል፤ ያንን ያከበድንባቸውም እኛ ነን፤ የዳዊትን ንስሐ ለሌላ ሰው ማምለጫ ስናደርገው እያዩ አድገዋል።

ስለ ንስሐ አንድ መለያ ልስጣችሁ። ሳኦልም በድያለሁ ብሎ ነበር። በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 ሕዝቡን ምክንያት አደረገ፤ ከዚያም ሳሙኤልን በሽማግሎች ፊት እንዲያከብረው ለመነው። በሽማግሎች ፊት፤ ወንድሞቼ፣ በእኛ ፊት ማለት ነው! ዳዊት ግን ክብር አልጠየቀም፤ በማንም አላሳበበም። ከዓመታት በኋላ ሳሚ የሚባል ሰው ድንጋይ እየወረወረ የደም ሰው ብሎ ሲሰድበው ከተከታዮቹ አንዱ ሊገድለው ቢነሣ እንኳ ተዉት አለ። እስኪ እናስታውስ፤ ደጃችን የሚመጣ ባለጸጋ መጀመሪያ የሚለን ምንድን ነው? ስሜ እንዳይጠፋ፣ ልጆቼ እንዳይሰሙ፣ ደብሩ እንዳይሰማ ነው። ያ የሳኦል ንስሐ ነው። ነጋዴው ጉልበቴን ሲስም የሰማሁት ይህንኑ ነበር፤ የዳዊት መስሎኝ መረቅሁት።

ሕጉንም ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚድንበት በር ነበረው። በዚያ በር ስናስገባና ስናስወጣ የኖርነው እኛ ነን፤ ልጅቱ በሰው እጅ ሳለች ለወላጆቿ ሽማግሌ ሆነን የሄድነው እኛ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በሩን ዘጋው። እኛ ግን ከዚያ በኋላም በጓሮ በኩል ሌላ በር ከፍተናል። እኔ በ1999 ከፍቻለሁ።

ለመጪው ቅዳሜ የአንዲት ልጅ ነገር እንደተያዘ ሰምቻለሁ፤ እኔንም ጠርታችሁኛል። የተከሰሰውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙዎቻችን ከእጁ በልተናል። በደሉ ገመና ከሆነ ነጠላዬን አውልቄ አብሬአችሁ እሸፍነዋለሁ። ግፍ ከሆነ ግን በእኛ እጅ የሚያልቅ አይደለም፤ ለዳኛ ነው፤ ልጅቱን ይዤ ጣቢያ ድረስ እሄዳለሁ። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው እሷን ስንሰማ ነው። እንግዲህ ቅዳሜ ስንቀመጥ ልጅቱ ከጓዳ ትውጣ፤ ከእኛ እኩል ወንበር ይሰጣት፤ ከሁላችን አስቀድማ እሷ ትናገር። ይህ ካልሆነ እኔን አትጠብቁኝ።