ዓይን ሲቀላ፤ ስለ ጠብታ መድኃኒት አጠቃቀም

በታኅሣሥና በጥር ወር፤ መኸሩ ተሰብስቦ አውድማው ሲሞላ፤ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ገጠሩን የጎበኘ ሰው ዓይኑ ሳይቀላ ወደ ከተማ የሚመለስ አይመስለኝም። ጤፉ ተወቅቶ በመንሽ ወደ ነፋስ ሲበተን እብቁ እንደ ጉም ተነሥቶ በሰውም በከብትም ላይ ይወርዳል። ከአውድማው ሸሽተው ወደ ቤት ቢገቡ ደግሞ ምጣዱ ተጥዶ፤ ኩበቱና የባሕር ዛፉ ጭራሮ እየጨሰ ይጠብቅዎታል። አገሩ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ደጋ ስለ ሆነ ነፋሱም ፀሐዩም የበረታ ነው። እንግዲህ ዓይን ቢቀላ፤ ቢቆጠቁጥና እንባ ቢያቀር የሚያስገርም ነገር የለም።

ይህን የመሰለ ቀላል መቅላት ብዙውን ጊዜ ከጭሱና ከአቧራው ፈቀቅ በማለት፤ ፊትን በንጹሕ ውሃ በመታጠብና ዓይንን ባለማሸት ብቻ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ሰው ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይወድም። አንዱ የዳማ ከሴ ቅጠል ጨምቆ ያንጠባጥባል፤ አንዷ የእናት ጡት ወተት ይሻላል ትላለች፤ ጎረቤት ደግሞ «እኔን ወዲያው ያዳነኝ መድኃኒት አለ፤ ቆይ ላምጣልህ» ብሎ ከሣጥኑ ግማሹ ያለቀ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። የዛሬው ጽሑፌ ይልቁንም ስለዚህች ጠርሙስ ነው። ቅጠሉንና ወተቱን በሚመለከት ባጭሩ ልናገር። ዳማ ከሴ ለምች የታወቀ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ዓይን እንደ ቆዳ አይደለምና ከጀርም ያልጠራ ማናቸውም ነገር ሊገባበት አይገባም።

ይህ የጥንቃቄ ብዛት የሚመስለው ሰው ቢኖር በ2015 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የሆነውን ልንገረው። ለደረቀ ዓይን ማርጠቢያ የሚሆን፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ተራ ጠብታ በባክቴሪያ ተበክሎ ተገኘና በጥር ወር ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በ18 ግዛቶች 81 ሰዎች በዚሁ ባክቴሪያ ተይዘው ነበር፤ አብዛኞቹም ይህን የመሰለ ጠብታ ያደረጉ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ 14ቱ የማየት ኃይላቸውን አጡ፤ የአራቱ ዓይን በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ አራት ሰዎችም ሞቱ። በፋብሪካ የተሠራው ሲበከል እንዲህ ከሆነ፤ ስንት ሰው እንደ ነካው የማይታወቅ የጎረቤት ጠርሙስ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አንባቢዬ ራስዎ ይገምቱት።

መድኃኒት ቤት ገብተው «የዓይን ጠብታ ስጡኝ» ያሉ እንደ ሆነ የሚሰጥዎ ጠርሙስ ከብዙ ዓይነት አንዱ ሊሆን ይችላል። ጠርሙሶቹ መልካቸው ይመሳሰላል፤ የያዙት ነገር ግን እጅግ የተለያየ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ሲሆን ሥራው ዓይንን ማርጠብና አቧራውን ማጠብ ነው። ጭስ ለቆጠቆጠው፤ ነፋስ ላደረቀው ዓይን እኔ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው መቅላትን የሚያጠፋው ነው። ናፋዞሊን ወይም ቴትራሃይድሮዞሊን የሚል ስም ይነበብበታል። የዓይናችን ነጭ የሚቀላው በላዩ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲሰፉ ነው፤ ይህ መድኃኒት ሥሮቹን ያጠባቸዋል፤ ዓይኑም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነጣል። ፎቶግራፍ ለሚነሣ ሙሽራ ደስ የሚል ነገር ነው። ዳሩ ግን የመድኃኒቱ ኃይል በጥቂት ሰዓት ሲያልቅ ሥሮቹ ተመልሰው ይሰፋሉ፤ በየቀኑ የተደጋገመ እንደ ሆነም ከቀድሞው የባሰ መቅላት ያመጣል። ሰውየው መድኃኒቱን የሚያደርገው ዓይኑ ስለ ቀላ፤ ዓይኑም የሚቀላው መድኃኒቱን ስለሚያደርግ ይሆንና መውጫው ይጠፋል። ስለዚህ ከሦስት ቀን በላይ አይደረግም። የዓይን ግፊት፤ ማለት ግላኮማ፤ ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ጨርሶ አይንካው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል የተጻፈበት ጠርሙስ ነው። ከኮርቲዞን ወገን የሆነ ኃይለኛ መድኃኒት ሲሆን፤ አንዳንድ ጊዜ ለብቻው፤ አንዳንድ ጊዜም ጀርም ከሚገድል መድኃኒት ጋራ ተቀላቅሎ ይገኛል። በሐኪም እጅ ዓይን ያድናል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ግን ክፋቱ ማማሩ ነው፤ ማሳከኩ ይቆማል፤ መቅላቱ ይጠፋል፤ ሕመምተኛው ዳንሁ ይላል። ዓይናቸው በየጊዜው የሚያሳክካቸው ልጆች አሉ፤ ወላጅ ይህንኑ ጠርሙስ እየደጋገመ ይገዛላቸዋል። መድኃኒቱ ለሳምንታትና ለወራት ሲደረግ በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይንን ግፊት ያለ ምንም ሕመም ከፍ ያደርጋል፤ ሞራም ያመጣል። በግፊት የጠፋ ማየት አይመለስም። ከዚህም ሌላ የጤፍ አገዳ ወይም የገብስ ጭንገር ዓይኑን ወግቶት ብሌኑ የቆሰለ ገበሬ ይህን ጠብታ ቢያደርግ፤ ከአገዳው ጋራ የገባው የሻጋታ ዘር ያለ ከልካይ ይስፋፋል። ስለዚህ የጠርሙሱን ስም ማንበብ፤ ማንበብም ባይቻል የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ «ይህ ከዴክሳሜታዞን ወገን ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

በእኛ አገር አንድ ሌላ የመቅላት ምክንያት አለ፤ ማዝ፤ በሐኪሞች አጠራር ትራኮማ። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች 62.6 በመቶው ትኩስ የማዝ ሕመም ነበረባቸው፤ ከአዋቂዎቹም 5.2 በመቶው የዓይናቸው ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌናቸውን ይወጋ ነበር። ከአንገታቸው ማተብ ጋራ ወረንጦ አንጠልጥለው፤ የሚወጋቸውን ፀጉር እየነቀሉ የሚኖሩ እናቶችን ያላየ ጎጃሜ ያለ አይመስለኝም። ከጥናቱ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በየቀበሌው በቁመት እየተለካ ለሕዝቡ ታድሏል፤ ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናትም የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ተሰጥቷል።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ማዝ የያዘው ልጅ ዓይን መቅላትን በሚያጠፋው ጠብታ ላንድ ቀን ሊነጣ ይችላል፤ ሕመሙ ግን ከዓይን ቆቡ በስተ ውስጥ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል፤ ጠባሳውም እየከረረ ሄዶ ከዓመታት በኋላ ቆቡን ይቀለብሰዋል። ፊቱ ዝንብ የማይለየው፤ ዓይናር የሚያበዛ፤ ዓይኑ በየጊዜው የሚቀላ ልጅ ያለው ሰው ጠብታ ከመፈለጉ በፊት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያሳያት፤ ፊቱንም በየቀኑ ይጠበው። ፀጉሩ ለተቀለበሰበት ደግሞ መፍትሔው ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፤ በጤና ጣቢያ ቆቡን በማደንዘዝ ብቻ ይሠራል።

አሁን ተገቢውን ጠብታ ይዘዋል እንበል። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ በንጹሕ ጨርቅም ያድርቁ። ጭንቅላትዎን ወደ ኋላ ቀና አድርገው የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣትዎ ወደ ታች ሳብ ሲያደርጉት እንደ ትንሽ ኪስ ይከፈታል። ወደ ላይ እያዩ በዚያች ኪስ ውስጥ አንዲት ጠብታ ብቻ ያንጠባጥቡ። ሁለት ሦስት ማብዛት ትርፍ የለውም፤ አንዲቷ ጠብታ እንኳ ዓይን ሊይዘው ከሚችለው በላይ ናትና ሁለተኛዋ በጉንጭ ላይ ከመፍሰስ በቀር የምትሠራው ሥራ የለም። የጠርሙሱ አፍ ዓይንን፤ ሽፋሽፍትን ወይም ጣትን ከነካ ጀርሙ ተመልሶ ወደ ጠርሙሱ ይገባልና እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይሁን። ከዚያ በኋላ ዓይንዎን በዝግታ ይጨፍኑ፤ ማርገብገብና መጭመቅ መድኃኒቱን ያስወጣዋል። በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ማዕዘን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ በጣትዎ ጫን አድርገው ይያዙት፤ እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቀዳዳ እዚያ ነው። ጠብታ በዓይን አድርገው መራራው ጉሮሮዎ ላይ የሚመጣበት ምክንያት ይኸው ነው። ሁለት ዓይነት ጠብታ ታዞልዎት እንደ ሆነ በመካከላቸው አምስት ደቂቃ ያቆዩ፤ ቅባትም ካለ ከሁሉ በኋላ ይሁን። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ሌንሱን አውልቆ ያንጠባጥብ፤ መልሶ እስኪያደርገውም 15 ደቂቃ ይታገሥ።

አንድ ጠርሙስ ለአንድ ሰው ነው። ባልና ሚስት ቢሆኑም እንኳ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የጊዜው ነገር ነው። መድኃኒቱ የሚያልቅበት ቀን በጠርሙሱ ላይ የሚታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። 05/2024 የሚል ያየ የገጠር ወንድማችን በእኛ አቆጣጠር አስቦት ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን መድኃኒቱ ያበቃው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ወሩ ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ይቀንሱ፤ ከ10 እስከ 12 ከሆነ 7 ይቀንሱ፤ 9 የሆነ እንደ ሆነ የእኛ ዘመን መለወጫ ነውና መስከረም ሲጠባ አለቀ ብለው ይቁጠሩት። ከዚህም ሌላ የታሸገበት ቀን ቢቀረውም ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ የብዙዎቹ ጠብታዎች ዕድሜ አራት ሳምንት ነው፤ ስለዚህ የከፈቱበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። እኔ ራሴ ይህን ከመጻፌ በፊት የቤቴን መደርደሪያ ብፈትሽ ጊዜው ካለፈ ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ አንድ ጠርሙስ አግኝቼ ጣልሁ። የጠራው ጠብታ ደፍርሶ ወይም ቀለሙ ተለውጦ ከተገኘም ቀኑን መቍጠር አያሻም። ጠርሙሱን ከምድጃና ከፀሐይ ያርቁት፤ ከጆሮ ጠብታ ጋራም አብረው አያስቀምጡት፤ በጨለማ ተሳስቶ የጆሮውን በዓይን ማድረግ አለና።

ከልጅ እጅም መራቅ አለበት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለ ሥልጣን በጥቅምት 2005 ዓ.ም. እንዳስጠነቀቀው፤ መቅላትን የሚያጠፋውን ጠብታ ሕፃን ልጅ 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢውጠው፤ ማለት ከሻይ ማንኪያ ግማሽ ያነሰውን፤ ለብርቱ አደጋ ሊያደርሰው ይችላል። ልጁ ያንቀላፋል፤ የልብ ምቱና ትንፋሹ ይዘገያል፤ ራሱንም ሊስት ይችላል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ስለ ቀላል መቅላት ነው። ዓይን ከመቆጥቆጥ አልፎ ያመመ እንደ ሆነ፤ ብርሃን ማየት ካስጨነቀው፤ ማየት ከደበዘዘ ወይም በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ ከታየ፤ ከራስ ምታትና ከማስመለስ ጋራ ከመጣ፤ በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከተገኘ፤ በአውድማ ወይም በሥራ ላይ አንዳች ነገር ከወጋው፤ መግልም ካበዛ፤ ጠብታ መፈለግ ቀርቶ የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። በተወለደ በአንድ ወር ውስጥ ዓይኑ የሚቀላ ሕፃንም እንዲሁ። ለእርሻ የሚበተነው ኖራ ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት በዓይን ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ግን ከመንገዱ በፊት ውሃው ይቀድማል፤ ዓይኑን ከፍቶ በብዙ ንጹሕ ውሃ ከ15 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ማጠብ፤ ከዚያ መሄድ። ሲሄዱም ቀደም ብለው ያደረጉት ጠብታ ካለ ጠርሙሱን በኪስዎ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ስለ እርሱ መጠየቁ አይቀርምና።