ለልጆቻችን የምናወርሰው ማስተዋል

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ፣ በለንደንና በስቶክሆልም የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፤ ቀን በሆስፒታል፣ ሌሊት በታክሲ ላይ እየደከማችሁ ልጆቻችሁን ስታሳድጉ፣ ትናንት «ሐኪም ሁን፣ መሐንዲስ ሁኚ» ስትሉ፣ በቅርብ ዘመንም «የኮምፒዩተር ትምህርት ተማሩ፤ እንጀራችሁ በእርሱ ነው» እያላችሁ ስትመክሩ ኖራችኋል። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርሰቱን ብቻ ሳይሆን የኮምፒዩተሩን ፕሮግራም ጭምር መጻፍ ስለ ጀመረ፣ ለልጅ የሙያ ስም መርጦ መስጠት ብቻውን የነገ ስንቅ እንደማይሆን ልናስተውል ይገባናል።

ይህን ስል አዲሱን ጥበብ ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር የፕሮቲንን ቅርጽ አስቀድሞ የሚያመለክት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋዮች መሆናቸው፣ ጥበቡ ለሰው ልጅ ፈውስ እንዴት ያለ ተስፋ እንደ ያዘ ይመሰክራል፤ በዚያው ዓመት በፊዚክስ የተሸለመው ጄፍሪ ሂንተን ግን፣ የዚህን ጥበብ መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ስለሚያመጣው አደጋ ዓለምን ከማስጠንቀቅ አልተቈጠበም። እንግዲህ ሊቁ ራሱ የሚፈራውን ነገር ሕፃን ልጅ ያለ መሪ ሊይዘው አይገባም።

ከኤርትራውያን ወላጆች በአዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ የተሰደደችው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዋ ትምኒት ገብሩ፣ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ የሰውን ፊት አይተው ጾታውን የሚለዩ መሣሪያዎች ቆዳቸው በነጣ ወንዶች ላይ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ቆዳቸው በጠቈረ ሴቶች ላይ ግን ስሕተታቸው እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ ገልጣለች። ይህን ለማየት የቻለችው፣ መሣሪያው የሚናገረውን ሁሉ እንደ እውነት ከመቀበል ይልቅ፣ ለማን እንደሚሠራና በማን ላይ እንደሚሳሳት ስለ መረመረች ነው።

እንዲህ ያለው የመመርመር ልማድ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ አዲስ ቅኔ እየቈጠረ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ሰዋስውንና ምሥጢሩን መርምሮ ያርመዋል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ እንደ ሆነ ግን፣ ቅኔው ምንም ያማረ ቢሆን፣ ነውር ይሆንበታል፤ መምህሩ የሚሻው ቅኔውን በማውጣትና በማውረድ የሚሰላውን ልቡና ነውና። ዛሬም የቤት ሥራውን መሣሪያው የጻፈለት ልጅ ወረቀቱን ያስረክባል እንጂ ልቡናው በነበረበት ይቀራል።

ስለዚህ ልጁ መሣሪያውን ከመጠየቁ በፊት የራሱን ሐሳብ በገዛ እጁ ይጻፍ፤ የተሰጠውንም መልስ ከመጽሐፍ ወይም ከሚያውቅ ሰው ያመሳክር፤ ማታ ማዕድ ሲቀርብ «ይህን በምን ዐወቅህ? ማንስ ነገረህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የተማረውንም በስልክ ለአያቱ በአማርኛ እንዲያስረዳ አድርጉት፤ ነገሩን በእውነት ያልተረዳ ሰው በሌላ ቋንቋ ለሌላ ትውልድ ሊያስረዳው አይችልምና። ወላጅም «ልጄ ከእኔ ይልቅ መሣሪያውን ያውቃል» ብሎ የአባትነቱንና የእናትነቱን ሥልጣን አይተው፤ ማስረጃ መጠየቅን፣ ሐሰትን መጸየፍንና በሥራ መታመንን ለማስተማር የኮምፒዩተር ሊቅ መሆን አያሻም።

በየአጥቢያው የቅዳሜና የእሑድ ትምህርት የምትሰጡ መምህራንም፣ ፊደል ከማስቈጠር ጋር ልጆቹ በአማርኛ እንዲጠይቁ፣ እንዲከራከሩና ምክንያታቸውን ቆመው እንዲያስረዱ ጊዜ መድቡላቸው። የሙያው ዓይነት ከእኛ ፈቃድ ውጭ ይለዋወጣል፤ ልጅን አስቦ የሚናገርና ለተናገረው ኀላፊ የሚሆን ሰው አድርጎ ማሳደግ ግን ዛሬም በእጃችን ያለ ሥራ ነውና፣ ለነገ ሳናሳድር እንጀምረው።