የወሎን ኦፓል ለቃል ኪዳን ቀለበት አትዘዙት

እዚህ ለንደን በእጄ ጌጣጌጥ እሠራለሁ። ሰርግ ሲቃረብ ከሐበሻ ደንበኞቼ የሚመጣው ትእዛዝ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «የወሎ ኦፓል ያለበት ቀለበት ሥሪልኝ»። የአገር ድንጋይ መፈለጋቸው ደስ ይለኛል። ቀለበቱን ግን እምቢ እላለሁ።

ኦፓል ለስላሳ ነው። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 6 ገደማ ሲሆን ሰንፔር 9፣ አልማዝ 10 ነው። ተራ አቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ብናኝ እንኳ 7 ስለሆነ ይጭረዋል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ዕቃ ስታጥቡ ውሃው ይገባና ያ ሁሉ የቀለም ጨዋታ ጠፍቶ ተራ መስታወት ይመስላል። ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ቀናት ቢወስድም። ዘይት ወይም የእጅ ቅባት ከገባበት ግን እንጃ! ይሄንን በአራት ቀጫጭን የወርቅ ጥፍሮች አንጠልጥሎ ቀን ከሌት ጣት ላይ ማዋል ምን የሚሉት ንድፍ ነው?

ውጤቱን የጌጣጌጥ ነጋዴዎቹ ሰፈር ሃተን ጋርደን ስሄድ እሰማዋለሁ። «የኢትዮጵያው ይበላሻል፣ የአውስትራሊያው ይሻላል» የሚሉኝ አሉ። በዚህ ስም የተነሳ ዋጋው ሲወርድ የሚጎዳው ገደል ላይ ዋሻ ምሶ ድንጋዩን የሚያወጣው የደላንታ ወጣት ነው። እሱ እንደሆነ ጥሬውን ሸጦ፣ መቁረጡና ማለስለሱ በአብዛኛው ሕንድ ጃይፑር ስለሚሠራ፣ ድሮም የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ለአንገት ወይም ለጆሮ እዘዙት። የእናቶቻችን ድሪስ የሚውለው አንገት ላይ አይደል? ዙሪያውን የሚያቅፍ የወርቅ ክፈፍ ይኑረው፤ ገላ ስትታጠቡ አውልቁት፤ ሽቶ ቀድማችሁ ተቀቡ።

ጥቁር ኦፓል ካሳዩአችሁ ደግሞ «በጭስ የጠቆረ ነው ወይ?» በሉ። የወሎው ውሃ እንደሚጠጣ ጭስም ይጠጣል። ማጥቆሩ ነውር የለውም፣ ሳይናገሩ መሸጡ እንጂ። መልሱን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ወርቁ ላይ ባለው ማህተም አትተማመኑ፤ እንግሊዝ አገር ከ1 ግራም በላይ የሆነ የወርቅ ጌጥ ማህተም የግድ ቢሆንም፣ ማህተሙ የሚመሰክረው ለወርቁ ብቻ ነው።

ሙሽሮች እንዲህ ስላቸው ቅር ይላቸዋል፣ አውቃለሁ። የግድ ቀለበት፣ የግድ የአገር ድንጋይ ለሚል የጉጂው የሻኪሶ ኤመራልድ አለ፤ ጥንካሬው ከ7.5 እስከ 8 ነው። ዋጋው ግን ከኦፓሉ ስለሚበልጥ ተዘጋጅታችሁ ኑ።