ገዢው ተክለ ሃይማኖት፣ ጨዋታው ሐዋሳ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ መርካቶ የሚሄድ ሰው ኳስ የሚታይባቸውን ቤቶች ከጩኸቱ ይለያቸዋል። ወንበሩ ሞልቶ ቆሞ የሚያይም አለ። ሱቁን ዘግቶ የመጣው ነጋዴ የአርሴናልን ወይም የማንቸስተር ዩናይትድን ጨዋታ ለማየት የመግቢያ ይከፍላል፤ ለልጁም ማልያ ይገዛል። እግር ኳስ በዚህች ከተማ ገዢ አላጣም። ገዢ ያጣው የአገር ውስጡ ሊግ ነው፤ ጥፋቱም የገዢው አይደለም።

ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አብዛኞቹ ክለቦች የኖሩት በመንግሥት ድርጅትና በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በ2012 ዓ.ም. ክለቦቹ ባለ አክሲዮን የሆኑበት ኩባንያ ውድድሩን ከፌዴሬሽኑ ተረከበ። መልካም እርምጃ ነበር፤ የገንዘቡ ምንጭ ግን አልተለወጠም። የ2016 ዓ.ም. ዋንጫ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017ቱ ደግሞ የኢትዮጵያ መድን ሆነ። ሁለቱም ሜዳ ላይ አሸንፈው ያገኙት ነው። ሆኖም ዋንጫ ከመንግሥት ባንክ ወደ መንግሥት መድን ድርጅት ሲተላለፍ ለገበያ ሰው የሚነግረው ነገር አለ።

የቴሌቪዥን ገንዘብ ያወጣናል የሚሉ አሉ። እስቲ ሂሳቡ ይሠራ። በ2013 ዓ.ም. ከዲኤስቲቪ ባለቤት ከመልቲቾይስ ጋር ለ5 ዓመት የተፈረመው ውል 4.5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ተገልጾ ነበር። ለ16 ክለብ እኩል ቢካፈል ለአንዱ በዓመት 56,250 ዶላር ይደርሰዋል፤ በወቅቱ ምንዛሪ ሁለት ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ስምምነት ተደርጎ ነበር። በዚህ ጣሪያ 25 ተጫዋች የሚከፍል ክለብ በወር 1.25 ሚሊዮን ብር ያወጣል። የዓመቱ የቴሌቪዥን ድርሻ ለሁለት ወር እንኳ አይበቃም! ቀሪውን የሚሞላው ግብር ከፋዩ፣ ማለትም ያው ሱቁን ዘግቶ የመጣው ነጋዴ ነው። በጀት ሲዘገይ ደግሞ ደመወዝ ይዘገያል።

በዚህ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና ምክንያትና ለቀጥታ ሥርጭት እንዲመች ጨዋታዎቹ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ መካሄድ ጀመሩ፤ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ። የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ተዘጋ። ከተክለ ሃይማኖት በእግሩ ስታዲየም ይደርስ የነበረ የጊዮርጊስ ወይም የቡና ደጋፊ የክለቡን ጨዋታ ለማየት ሐዋሳ ድረስ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። ሱቁን ከደንበኛው ይህን ያህል አርቆ የሚከፍት ነጋዴ በመርካቶ አይገኝም። ለካሜራ ተብሎ ደጋፊው ተተወ፤ ባዶ ወንበር የሚያሳይ ካሜራ ደግሞ ስፖንሰር አይስብም።

ታንዛኒያ በዚያው በ2013 ዓ.ም. የሊጓን የቴሌቪዥን መብት ለአዛም ለ10 ዓመት በ225.6 ቢሊዮን ሽልንግ ሸጠች፤ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። አዛም የገዛው ሃያ ሁለት ተጫዋች አይደለም። ሲምባና ያንጋ ዳሬሰላም ላይ ሲጋጠሙ ስታዲየሙን የሚሞላውን ሕዝብ ነው።

እንግዲህ ሊጉ የሚያድገው መጀመሪያ ክለቡ ወደ ሠፈሩ ሲመለስ ነው። የመንግሥትን በጀት በአንድ ቀን መቁረጥ ብዙ ክለብ ይገድላል። ይልቅ ከተማው በጅምላ መስጠቱን ትቶ፣ ክለቡ በትኬትና በማልያ ላገኘው ለእያንዳንዱ ብር አንድ ብር ቢጨምርለትና ይህም በየዓመቱ እየቀነሰ ቢሄድ፣ የክለብ ሥራ አስኪያጅ በጀት ከመለመን ትኬት መሸጥ ይሻለዋል።

የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። የክለብ አክሲዮን እዚያ ቢቀርብ ደጋፊው እንደ መዋጮ ቆጥሮ ይገዛ ይሆናል። ደላላው ግን ለደንበኛው ከማቅረቡ በፊት በኦዲተር የተመረመረ የሦስት ዓመት ሂሳብ ይጠይቃል፤ ከገቢው ስንቱ ከትኬት፣ ስንቱ ከመዘጋጃ ቤት እንደመጣም ለይቶ ማየት ይፈልጋል።